ወርቁና ወረቀቱ፦ የሱሲ ሱሳንቲ ታሪክ

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና ካለ አጠገባችሁ አድርጋችሁ አንብቡት። ስለ አንዲት የባድሚንተን ተጫዋች ነው። "ደሞ ባድሚንተን!" የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። እኛ ሀገር ባድሚንተን ማለት ሰው ትርፍ ሰዓቱን በግቢው ውስጥ የሚያሳልፍበት፣ ነፋስ ሲመጣ ደግሞ የሚቋረጥ ጨዋታ ነው። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ባድሚንተን እኛ ጋ ሩጫ እንደሆነው ነው፤ ባንዲራ የሚሰቀልበት፣ ሕዝብ ሬዲዮ ላይ የሚተከልበት ጨዋታ ነው። እኔም ልጽፍ የፈለግኩት ስለ ኳሱ ብቻ አይደለም። ባንዲራውን ያሰቀሉት ሰዎች "የዚህ ሀገር ሰው ናችሁ ወይ?" እየተባሉ ስለኖሩበት ዘመን ነው።

በ1984 ዓ.ም. የባርሴሎና ኦሊምፒክ የምንለው ለኛ አንድ ምሽት ነው። ነሐሴ 1። ደራርቱ ቱሉ በ10,000 ሜትር የመጨረሻው ዙር ላይ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ሜየርን ጥላት ወጣች፣ ከዚያ ሁለቱ ተያይዘው ሜዳውን ዞሩ። አብዛኞቻችን ያኔ ወይ ሕፃን ነበርን ወይ አልተወለድንም፤ ቢሆንም ያየነው ያህል እናወራዋለን። ከዚያ ሦስት ቀን ቀደም ብሎ፣ ሐምሌ 28፣ በዚያው ከተማ በአንድ አዳራሽ ውስጥ አንዲት የ21 ዓመት ልጅ ደግሞ የራሷን ሀገር ታሪክ ቀይራ ነበር። ሱሲ ሱሳንቲ ትባላለች። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች በሙሉ በፈረንጆቹ ናቸው፤ እንዳንምታታ።)

ኢንዶኔዥያ ኦሊምፒክ መሄድ የጀመረችው በ1952 ነው። ወደ 180 ሚሊዮን ሕዝብ ያላት ሀገር ሆና አርባ ዓመት ሙሉ አንድ ወርቅ አላገኘችም። የነበራት ብቸኛ ሜዳሊያ በ1988 ሴኡል ላይ ሦስት ሴቶች በቀስት ውርወራ ያመጡት ብር ነው። የሚገርመው ኢንዶኔዥያውያን በባድሚንተን ዓለምን ያንቀጠቀጡ ሰዎች ነበሩ። ሩዲ ሃርቶኖ በዘመኑ እንደ ዓለም ሻምፒዮና ይታይ የነበረውን የኦል ኢንግላንድ ውድድር ስምንት ጊዜ አሸንፏል፣ ከስምንቱ ሰባቱን በተከታታይ። ግን ባድሚንተን ኦሊምፒክ ውስጥ አልነበረም። በ1972 ሙኒክ ላይ ለማሳያ ያህል ገባ፣ ሩዲ አሸነፈ፣ ሜዳሊያው ግን አይቆጠርም ተባለ። በትክክል የገባው በ1992 ነው። ስለዚህ የአርባ ዓመቱ ጥያቄ ባርሴሎና ላይ በአንድ ጊዜ ተከመረ፤ ሸክሙም ከሁሉም በላይ በሱሲ ትከሻ ላይ ነበር።

ልጅቷ በ1971 በምዕራብ ጃቫ ታሲክማላያ በምትባል ከተማ ነው የተወለደችው። በልጅነቷ እዚያው በሰፈሯ ክለብ ተጫውታ በአሥራዎቹ ዕድሜ ወደ ጃካርታ ሄደች፣ ከቤተሰብ ተለይታ ክለብ ውስጥ አደረች፣ ተማረች፣ ሰለጠነች። ቁመቷ 1 ሜትር ከ61 ብቻ ነው። በኃይል የምትመታ አይደለችም። የሷ ጨዋታ ሌላውን ማድከም ነው። ኳሱን ከፍ አድርጋ ወደ ኋላ መስመር ትልክልሃለች፣ ትመልሳለህ፤ ከመረቡ ሥር ትጥልብሃለች፣ ሮጠህ ታነሳለህ፤ እንደገና ወደ ኋላ። ይሄ ሃያ፣ ሠላሳ ጊዜ ይደጋገማል። አንተ በስተመጨረሻ ትዕግሥትህ አልቆ ልጨርሰው ስትል ኳሱ ወይ መረብ ላይ ይቀራል ወይ ከመስመር ይወጣል። የማይደረስ ኳስ ሲመጣባት ደግሞ እግሯን ወለሉ ላይ እስኪነጠፍ ዘርግታ ታነሳዋለች፣ ወዲያው ብድግ ትላለች። ፎቶዎቿን ብታዩ ግማሾቹ እንደዚያ ተዘርግታ ያለችባቸው ናቸው።

እዚህ ላይ የዚያን ጊዜ ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። የሴቶች ነጠላ ጌም እስከ 11 ነጥብ ነበር፣ ነጥብ የሚያገኘውም ሰርቭ ያደረገው ብቻ ነው። ተቀባዩ ቢያሸንፍ ሰርቭ ይረከባል እንጂ ነጥብ አይቆጠርለትም። ስለዚህ ሁለት ተጫዋቾች ለደቂቃዎች ሞት ሽረት ተጫውተው ሰሌዳው ንቅንቅ ላይል ይችላል። አሁን በ2006 በመጣው ሕግ እያንዳንዱ ኳስ ነጥብ ነው፣ እስከ 21። ለቴሌቪዥን ይመቻል ብለው ነው መሰለኝ። የድሮው ግን ለታጋሽ ሰው የተሠራ ሕግ ነበር። የሚመራው ሰው ወደ መጨረሻዋ ነጥብ ሲጠጋ በር ይዘጋበታል፤ ተመሪው ነፍስ ይዘራል።

ሱሲን ሀገሯ ያወቃት በዚሁ ሕግ ነው። 1989፣ ጃካርታ። ሱድርማን ካፕ የሚባለው የሀገራት ድብልቅ ውድድር ለመጀመሪያ ጊዜ ተካሄደ፣ ኢንዶኔዥያ ለፍጻሜ ከደቡብ ኮሪያ ጋር ደረሰች። ከአምስቱ ጨዋታ ሦስቱን ያሸነፈ ነው ዋንጫ የሚወስደው፤ ኮሪያ 2 ለ 0 መራች። ሦስተኛዋ ሱሲ ናት፣ የ18 ዓመት ልጅ፣ ከሊ ዮንግ-ሱክ ጋር። የመጀመሪያውን ጌም 12 ለ 10 ተሸነፈች። በሁለተኛው 10 ለ 7 ተመራች። አንድ ነጥብ ብቻ ቀርቷል፤ አንድ ኳስ ብትስት ሁሉም ነገር ያከትማል፣ ሕዝቡም ወደ ቤቱ ይሄዳል። አልሳተችም። 12 ለ 10 አሸነፈች። ሦስተኛውን ጌም እንዴት እንደጨረሰችው ታውቃላችሁ? 11 ለ 0። ከዚያ በኋላ ኮሪያ ልቧ ተሰብሮ የቀሩትንም ሁለት ጨዋታዎች ተሸነፈች። ኢንዶኔዥያ ሱድርማን ካፕን ያነሳችው ያኔ ብቻ ነው፣ እስካሁን አልደገመችውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሙያዋ ሩጫ ነው። በ1990፣ 1991፣ 1993 እና 1994 ኦል ኢንግላንድ። የዓመቱ ምርጦች ብቻ የሚጠሩበትን የግራንድ ፕሪ ፍጻሜ ከ1990 እስከ 1994 በተከታታይ፣ ከዚያም በ1996፣ በድምሩ ስድስት ጊዜ። በ1993 በርሚንግሃም ላይ የዓለም ሻምፒዮን። በዚያ ዓመት ኦሊምፒኩም፣ የዓለም ሻምፒዮናውም፣ ኦል ኢንግላንዱም በአንድ ላይ የሷ ነበር።

ወደ ባርሴሎና እንመለስ። ለፍጻሜ የገጠመቻት ደቡብ ኮሪያዊቷ ባንግ ሱ-ህዮን ናት። ባንግ አጥቂ ናት፣ በመጀመሪያው ጌም ሱሲን 11 ለ 5 አሸነፈቻት። ሱሲ በሁለተኛው ያንኑ ውጤት መለሰችላት፣ 11 ለ 5። ሦስተኛው ላይ ያ የማድከም ነገር ሠራ፤ 11 ለ 3። የኢንዶኔዥያ መዝሙር በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ ተዘመረ። ሱሲ ባንዲራውን እያየች እንባዋ በጉንጯ ሲወርድ የሚያሳየውን ምስል የማያውቅ ኢንዶኔዥያዊ የለም ማለት ይቻላል።

በዚያው ቀን ፍቅረኛዋ አላን ቡዲኩሱማ በወንዶች ነጠላ ፍጻሜ የሀገሩን ልጅ አርዲ ዊራናታን 15 ለ 12፣ 18 ለ 13 አሸንፎ ሁለተኛውን ወርቅ ወሰደ። ከሁለቱ ነሐሶች አንዱም የኢንዶኔዥያዊው ሄርማዋን ሱሳንቶ ነበር። አርባ ዓመት አንድ ያልተገኘው ወርቅ በአንድ ቀን ሁለት፣ ያውም በሁለት ፍቅረኞች እጅ። ጋዜጦቹ "የኦሊምፒክ ሙሽሮች" ብለው ስም አወጡላቸው፤ ጃካርታ ሲመለሱ ሕዝቡ መንገድ ሞልቶ ወጥቶ ተቀበላቸው። ይሄ ስም ደሞ ሐሰት ሆኖ አልቀረም፣ በየካቲት 1997 ተጋቡ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ የስፖርት ወሬ ይሆን ነበር። እኔን የያዘኝ ግን ከዚህ ወዲህ ያለው ነው።

ሱሲም፣ አላንም፣ ከነሱ በፊት ሩዲ ሃርቶኖም የዘር ሐረጋቸው ከቻይና ነው። ሩዲ በቤት ስሙ ኒዮ ሃፕ ሊያንግ ነው። "ሃርቶኖ"፣ "ቡዲኩሱማ" የሚሉት ጃቫኛ የሚመስሉ ስሞች የመጡበት ምክንያት አላቸው። ቻይናውያን ወደነዚያ ደሴቶች መምጣት የጀመሩት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው፤ ደች ቅኝ ገዢዎች በአውሮፓዊውና በሀገሬው መሃል አስቀምጠው በነጋዴነት፣ በግብር ሰብሳቢነት ተጠቀሙባቸው። ኢንዶኔዥያ ነጻ ስትወጣ የተነሳው ጥያቄ "እነዚህስ የማን ናቸው?" የሚል ነበር። ቻይና ደሞ በበኩሏ በደም ቻይናዊ የሆነ ሁሉ የኔ ዜጋ ነው ትል ነበር።

በ1955 ባንዱንግ ላይ ያን ታዋቂ የእስያና የአፍሪካ ጉባኤ ታውቁታላችሁ፤ ኢትዮጵያም ተገኝታለች፣ በክፍል ውስጥ ስለ ገለልተኛ ሀገሮች ስናነሳ ሁሌ የምጠራው ነው። እዚያው ባንዱንግ፣ በዚያው ሰሞን፣ የቻይናው ቹ ኤንላይ ከኢንዶኔዥያ ጋር የጥምር ዜግነትን ጉዳይ የሚፈታ ስምምነት ፈረመ። ሐሳቡ እያንዳንዱ ሰው አንዱን ይምረጥ ነው። ሲሰሙት ቀላል ነው። ግን ስምምነቱ ሥራ ላይ የዋለው በ1960 ነው፣ በመሃል ነገር ተበላሸ። በ1959 የኢንዶኔዥያ መንግሥት የውጭ ዜጋ በገጠር ችርቻሮ እንዳይነግድ ከለከለ። "የውጭ ዜጋ" የተባለው በተግባር ቻይናዊው ባለሱቅ ነው። በ1960 ብቻ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው መርከብ ተሳፍሮ ወደማያውቃት "እናት ሀገር" ቻይና ሄደ።

ከነዚያ መሃል በሱማትራ ላምፑንግ የተወለደ የ18 ዓመት ልጅ ነበር፦ ታንግ ሺያንሁ። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶንግ ሲን ፉ ይሉታል። ይሄን ስም ያዙልኝ።

ታንግ ቻይና ገብቶ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ምናልባት ምርጡ ተጫዋች ሆነ። "ምናልባት" የምለው ማንም ሊመሰክር ስላልቻለ ነው። ቻይና ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን ውስጥ የገባችው በ1981 ነው፣ ስለዚህ እሱ በጉልምስናው ጊዜ ኦል ኢንግላንድም ሆነ ቶማስ ካፕ መጫወት አልቻለም። በ1965 ቻይናውያኑ ዴንማርክ ለጉብኝት ሄደው የአውሮፓውን ንጉሥ ኤርላንድ ኮፕስን ገጠመው። 15 ለ 5፣ ከዚያ 15 ለ 0። የኦል ኢንግላንድ ባለብዙ ዋንጫውን ሰውዬ አንዲት ነጥብ ሳያስቀምሰው ሸኘው።

ኢንዶኔዥያ የቀሩትስ? በ1965 መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደረገ፣ ከዚያ የመጣውን እልቂት አንዳንዶቻችሁ ታስታውሳላችሁ፣ አስተምሬያችኋለሁ። ጄኔራል ሱሃርቶ ሥልጣን ያዙ። የቻይንኛ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ቻይንኛ ስም ያለው "የኢንዶኔዥያ" ስም እንዲያወጣ ተገፋፋ። በ1967 ደግሞ የቻይናውያን እምነትና ባህል በአደባባይ እንዳይታይ መመሪያ ወጣ፤ አዲስ ዓመታቸውን እንኳን ቤት ዘግተው ነው ያከበሩት። በሠራዊቱና በመንግሥት መሥሪያ ቤት በሩ ለነሱ ጠባብ ነበር፣ ዩኒቨርሲቲም እንደዚያው።

ባድሚንተን ግን በሩን አልዘጋም። በ1958 ኢንዶኔዥያ ቶማስ ካፕን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታነሳ ከጀግኖቹ አንዱ ታን ጆ ሆክ ነበር፤ በቀጣዩ ዓመት ኦል ኢንግላንድን በማሸነፍ የመጀመሪያው ኢንዶኔዥያዊ ሆነ። በመካከለኛው ጃቫ ኩዱስ በምትባል ከተማ የጃሩም ሲጋራ ፋብሪካ ሠራተኞች ቀን ቀን ቅርንፉድ ያለበትን ሲጋራ የሚጠቀልሉበት አዳራሽ፣ ማታ ማታ ተጠርጎ የባድሚንተን ሜዳ ይሆን ነበር። አላን ቡዲኩሱማ የወጣው ከዚያ ክለብ ነው። ራኬት ያዥ ማንም ይሁን፣ ኳሱ መስመር ውስጥ ካረፈ አርፏል ነው። ዘር አይጠይቅም። ለዚህ ይመስለኛል ያ ሁሉ ወላጅ ልጁን ወደዚያ አዳራሽ የላከው።

ግን አዳራሹ በር ላይ አንድ ወረቀት ይጠብቃቸው ነበር። በኢንዶኔዥያኛ ምሕጻሩ ኤስቤካኤርኢ ይባላል፣ የኢንዶኔዥያ ሪፐብሊክ ዜግነት ማረጋገጫ ደብዳቤ ማለት ነው። ከ1978 ጀምሮ የቻይና ዝርያ ያለው ሰው ይሄን ወረቀት እንዲያሳይ ይገደዳል። ፓስፖርት ለማውጣት፣ ትምህርት ቤት ለመመዝገብ፣ ለመጋባት። አባትህ እዚያው ቢወለድም፣ አያትህ እዚያው ቢወለድም። ጃቫዊውን ጎረቤትህን ማንም እንዲህ ያለ ነገር አይጠይቀውም። እኛ እንግዲህ ለአንዲት መታወቂያ ቀበሌ የተመላለስን ሕዝብ ነን፤ ወረቀት ሰውን ምን እንደሚያደርግ ብዙ ማብራራት አያሻኝም።

አስቡት። ሱሲ የዓለም አንደኛ ናት። በየወሩ ማለት ይቻላል አውሮፕላን ላይ ናት፤ ጃፓን፣ እንግሊዝ፣ ዴንማርክ፣ ማሌዥያ። ደረቷ ላይ "ኢንዶኔዥያ" ተጽፏል። ፓስፖርት ለማደስ ስትሄድ ግን "ዜጋ መሆንሽን አረጋግጪ" ትባላለች። እሷ ራሷ በኋላ በቃለ መጠይቆቿ ይሄን ነገር አንስታለች። በ2019 በሕይወቷ ዙሪያ "ሱሲ ሱሳንቲ፦ ላቭ ኦል" የሚል ፊልም ሲሠራም የወረቀቱ ጉዳይ ከኦሊምፒኩ እኩል ቦታ ይዟል። ("ላቭ ኦል" በባድሚንተን ዳኛው ጨዋታ ሲያስጀምር የሚለው ነው፣ ዜሮ ለዜሮ ማለት።)

አሁን ያንን ስም አምጡት፤ ታንግ ሺያንሁ። በ1980ዎቹ መገባደጃ ወደ ተወለደባት ኢንዶኔዥያ ተመለሰ፣ በአሰልጣኝነት። የሴቶቹ አሰልጣኝ ሊያንግ ቺዩ ሲያም እንደዚያው ናት፤ ኢንዶኔዥያ ተወልዳ፣ ቻይና ሄዳ፣ ለቻይና ተጫውታ፣ ተመልሳ ሱሲን ያሰለጠነች። የባርሴሎናው የወንዶች ወርቅ የታንግ እጅ ያለበት ነው፣ አላን የሱ ልጅ ነው። ስለዚህ ያቺ ታሪካዊ ቀን ስትተነተን፣ ሁለቱ ወርቅ አምጪዎች ወረቀት የሚጠየቁ ዜጎች፣ አሰልጣኞቻቸው ደግሞ በተወለዱበት ሀገር የውጭ ሰው የተባሉ ነበሩ። ታንግ የኢንዶኔዥያ ዜግነት እንዲሰጠው አመለከተ። ተከለከለ። ለሀገሪቱ ወርቅ ያመጣ ሰውዬ፣ ላምፑንግ የተወለደ ሰውዬ።

በ1998 ተስፋ ቆርጦ ወደ ቻይና ተመለሰ። እዚያም ማሰልጠኑን ቀጠለ። በእጁ ካለፉት ልጆች አንዱን የባድሚንተን ወዳጅ ሁሉ ያውቀዋል፦ ሊን ዳን። የ2008 እና የ2012 ኦሊምፒክ የነጠላ ሻምፒዮን። በ2012 ለንደን ላይ ቻይና አምስቱንም የባድሚንተን ወርቅ ጠርጋ ወሰደች። ኢንዶኔዥያ ባድሚንተን ኦሊምፒክ ከገባ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ አንድ የባድሚንተን ሜዳሊያ ተመለሰች። ይሄ ሁሉ የሆነው በአንድ ሰው ምክንያት ነው አልልም፣ ማጋነን ይሆናል። ግን አንድ ማኅተም መምታት እንቢ ያለ ቢሮ ምን እንደጣለ ለማየት ይበቃል።

1998 ካልኩ አይቀር፣ ያንን ግንቦት መዝለል አልችልም። የእስያ የገንዘብ ቀውስ ኢንዶኔዥያን አድቅቋት ነበር። ግንቦት 12 በጃካርታ ትሪሳክቲ ዩኒቨርሲቲ አራት ተማሪዎች በጥይት ተገደሉ። ከ13 እስከ 15 ከተማዋ ነደደች። ቁጣው ግን ቤተ መንግሥት አልሄደም፣ ወደ ቻይናውያኑ ሱቅና ቤት ሄደ። ሱቆች ተዘረፉ፣ ተቃጠሉ፤ የቻይና ዝርያ ያላቸው ሴቶች ተደፈሩ። ከሺህ በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሲነዱ ከነበሩ የገበያ ሕንጻዎች መውጣት ያልቻሉ ድሆች ናቸው።

የኢንዶኔዥያ ቡድን በዚያ ሰሞን ሆንግ ኮንግ ነበር፣ ለቶማስና ለኡበር ካፕ። ሱሲም አለች። ተጫዋቾቹ የሚቃጠለውን ሰፈር በቴሌቪዥን እያዩ፣ ቤተሰብ በስልክ እየፈለጉ፣ ሰዓቱ ሲደርስ ደሞ ራኬት ይዘው ሜዳ ይገባሉ። ውድድሩ ገና ሳያልቅ፣ ግንቦት 21፣ ሱሃርቶ ከ32 ዓመት አገዛዝ በኋላ ሥልጣን ለቀቁ። ወንዶቹ ቶማስ ካፕን ማሌዥያን 3 ለ 2 አሸንፈው አነሱት። ሴቶቹ ፍጻሜ ደርሰው በቻይና ተሸነፉ። ዋንጫውን ይዘው የተመለሱት ገና ጭሱ ወዳልጠፋ ከተማ ነው። እኔ ስለዚህ ቡድን ሳነብ ሁሌ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ለማን ብለው ተጫወቱ? መልሱን ራሳቸው ያውቁታል። ሜዳ ገቡ፣ ተጫወቱ።

ሱሲ በዚያው ዓመት ጸንሳ ከውድድር ተገለለች። ከዚያ በፊት በ1996 አትላንታ ነሐስ ጨምራለች፤ በግማሽ ፍጻሜ ያሸነፈቻት ያቺው ባንግ ናት። የባርሴሎናውን ዕዳ አወራረደች፣ ወርቁንም ወሰደች። በዚያ ፍጻሜ ባንግ ያሸነፈቻት ልጅ ደግሞ ሚያ አውዲና ናት፣ ኢንዶኔዥያዊት። የሚያን ነገር በአጭሩ ላውራላችሁ፣ ደስ የሚልም የሚያሳዝንም ነው። በ1994 ጃካርታ ላይ በኡበር ካፕ ፍጻሜ ኢንዶኔዥያና ቻይና 2 ለ 2 ሆኑ። ለመጨረሻው ጨዋታ የገባችው ሚያ፣ 14 ዓመቷ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎቼን አስባለሁ። ዣንግ ኒንግን በሦስት ጌም አሸነፈች፣ ኢንዶኔዥያ ከ19 ዓመት በኋላ ዋንጫውን መለሰች። ሚያ በኋላ የሆላንድ ሰው አግብታ እዚያው ኖረች፣ ለሆላንድ መጫወት ጀመረች። በ2004 አቴንስ ኦሊምፒክ ለፍጻሜ ደረሰች። በመረቡ ማዶ የቆመችው ማን ናት? ዣንግ ኒንግ! ከአሥር ዓመት በኋላ። ሚያ የመጀመሪያውን ጌም ወሰደች፣ ቻይናዊቷ የቀሩትን ሁለቱን። ሚያ ሁለት የኦሊምፒክ ብር አላት፣ በሁለት ባንዲራ።

ወረቀቱስ? በ1996 በፕሬዚዳንት ውሳኔ ቀርቷል ተባለ፣ ቢሮዎቹ ግን መጠየቃቸውን ቀጠሉ። "መመሪያው አልደረሰንም" የሚለው ነገር እዚያም አለ ማለት ነው። ፕሬዚዳንት አብዱራህማን ዋሂድ በ2000 የ1967ቱን የባህል ክልከላ አነሱ። እንዲያም ሆኖ በ2002 ሄንድራዋን የሚባለው ተጫዋች፣ የሲድኒ ኦሊምፒክ ብር ባለቤትና የ2001 የዓለም ሻምፒዮን፣ ቶማስ ካፕ ሊሄድ ሲል የዜግነት ጉዳዩ ገና አላለቀም ነበር። የዓለም ሻምፒዮን እኮ ነው! ፕሬዚዳንት ሜጋዋቲ ራሳቸው ገብተው ነው የተፈታለት። ሄደ። ፍጻሜው ከማሌዥያ ጋር 2 ለ 2 ሆነ፣ የመጨረሻውን ጨዋታ ተጫውቶ ያሸነፈው ሄንድራዋን ነው። ለኢንዶኔዥያ አምስተኛው ተከታታይ ቶማስ ካፕ ሆነ። በቻይና ጓንግጁ ከተማ።

የዜግነት ሕጉ የተስተካከለው በ2006 ነው። በአዲሱ ሕግ ከልደቱ ጀምሮ ዜጋ የሆነና ሌላ ዜግነት በፈቃዱ ያልወሰደ ሰው፣ የዘር ግንዱ ምንም ይሁን፣ የሀገሩ ተወላጅ ኢንዶኔዥያዊ ነው።

ሱሲና አላን ሀገራቸውን ጥለው አልሄዱም። በ2002 አስቴክ የሚባል የራኬት ኩባንያ ከፈቱ፤ ስሙ ከሁለቱ ስም የተገጣጠመ ነው። ሦስት ልጆች ወለዱ። ከ2016 እስከ 2020 ሱሲ በፌዴሬሽኑ የብሔራዊ ቡድን ኃላፊ ሆና ሠራች። ነሐሴ 2018 ጃካርታ የእስያ ጨዋታዎችን ስታስተናግድ፣ በመክፈቻው ማታ ስታዲየሙ ውስጥ ችቦውን ተቀብላ እሳቱን የለኮሰችው እሷ ናት፣ 47 ዓመቷ ነበር።

በሴቶች ነጠላ ከሷ በኋላ ለኢንዶኔዥያ ወርቅ ያመጣ ሰው እስካሁን የለም። በ2024 ፓሪስ ግሪጎሪያ ማሪስካ ቱንጁንግ ነሐስ አግኝታለች፣ ይሄም ከ2008 ወዲህ የመጀመሪያው የነጠላ ሴቶች ሜዳሊያ ነው።

የባርሴሎናው ፍጻሜ ቪዲዮ ኢንተርኔት ላይ ይገኛል። ጥራቱ የዘመኑ ነው፣ ኳሷ አንዳንዴ አትታይም። የመጀመሪያው ጌም ላይ ሱሲ ስትሸነፍ አትዝጉት፤ ሁለተኛው ጌም ላይ እግሯን ብቻ ተመልከቱ፣ እንዴት ወደ መሃል እንደምትመለስ። ያያችሁትን ኮመንት ላይ ጻፉልኝ።